ሽቶው ያንቺ፣ ገላው የእኔ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፣ ለሚጡ፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም አለች። «አለች» ማለቴን ልብ በይልኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ብጽፍልሽ ኖሮ ይህችን ቃል እንዲህ በቀላሉ አልጽፋትም ነበር።

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘሁም። ሁለተኛው ሳይከፈት ተመልሶ መጣ፤ ፖስታው ላይ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ከዚህ ቤት ለቃለች» ብሎ ጽፎበታል። ሦስተኛው የት እንደገባ አላውቅም። ይሄኛውን በምትሠሪበት የልብስ ፋብሪካ አድራሻ ነው የምልከው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከፋብሪካው በር ፊት ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ ልከሽልን አልነበር? ከራስሽ በላይ ያለውን ሰሌዳ ታች ካለው ሰዓት ጠጋኝ አጉሊ መነጽር ተውሼ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ስልክሽን ስደውል ደግሞ «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም» የምትል ሴት ናት የምታነሳው። ይኸው አምስት ወር ሆነን፤ እኔና እሷ ተዋውቀናል ማለት ይቻላል። ቤት ቀይረሽ፣ ስልክም ቀይረሽ ይሆናል። ሰው ይቀይራል። አልተቆጣሁም።

የእማዬን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ።

ግራ ዓይኗ አንቺ ስትሄጂም ደክሞ ነበር። አሁን ሁለቱም ጨልመዋል፤ መስኮቱ የት እንዳለ ብቻ ነው የምትለየው። ጆሮዋም ካለፈው ዓመት ወዲህ ፈጽሞ ከድቷታል። አፌን ጆሮዋ ላይ ገጥሜ ስጮህ ከሦስት ቃል አንዷን ብትሰማ ነው። ያኔ በስልክ ስታወሪያት «ማነው? ማነው?» እያለች ታስቸግርሽ የነበረው ለዚህ ነው እንጂ ቂም ይዛ አይደለም። አንቺ ግን ቂም መስሎሽ ነበር። ድምፅሽ ላይ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ወዲያው ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ቀረ።

አእምሮዋ ግን ምላጭ ነው። አፍንጫዋማ አይወራ! ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሠራችባቸው ሠላሳ ዓመታት አፍንጫዋ ላይ ነው የቀሩት። የክፍል ቁጥሩ የወደቀበት ሸሚዝ ሲመጣ ኮሌታውን አሽትታ «ይሄ የአሥራ ሁለት ቁጥሩ እንግዳ ነው» ትል እንደነበር አትረሺውም። አንዴ ኃላፊዋ ሊፈትናት ብሎ «ሦስቱም ሰዎች እኮ አንድ ዓይነት ኮሎኝ ነው የሚቀቡት» ቢላት፣ «ኮሎኙ አንድ ነው፤ አንገቱ ሦስት ነው» ብላ አፉን አስያዘችው። አሁንም ከሽቶ ሱቁ ስገባ እጅጌዬን ትይዝና «ዛሬ ጽጌረዳ በዝቷል፤ ሙሽራ መጥታ ነበር?» ትለኛለች። ስታ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ ነው። እሑድ የአንቺ የስልክ ቀን እንደሆነ ታውቃለች። ሾርባ አቀረብኩላት። ማንኪያውን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

«መቼ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

«ማን?»

«አታሞኚኝ። ሚጡ!»

«ኧረ አልሞተችም!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህኩ። ሰዓት ጠጋኙ ሳይቀር ከታች ሰምቶኛል።

«በየሳምንቱ 'ደውላለች፣ ሰላም ብላሻለች' ትይኛለሽ። በየሳምንቱ!» እጄን ይዛ መዳፌን ከፈተችና አፍንጫዋን አስጠጋች። «ስትዋሺ መዳፍሽ ሳንቲም ሳንቲም ይሸታል። ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። ልጄን አፈር አልብሳችሁ ደብቃችሁኛል።»

ምን ልበላት ሚጡ? ደውላለች ያልኳት ውሸት ነበር። አልሞተችም ያልኳት ግን... እሱንም ቢሆን የማውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል የሚባል አልቀምስ አለች። ውሃና ለምኛት ለምኛት ግማሽ ብርጭቆ ወተት፤ በቃ። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችንን ጠራሁ፤ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሲስተር፣ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። ግፊቷን ለኩ፣ ሆዷን ዳሰሱ፣ ወደ ኮሪደሩ ይዘውኝ ወጡ።

«ሕመም አላገኘሁባትም» አሉኝ። «መኖሩን ነው የተወችው። በዚህ ከቀጠለች ሁለት ሳምንት አትሞላም። ልጅቷን አምጡላት።»

«ከየት ላምጣት ሲስተር?»

 እሳቸውም የመለኪያውን ጨርቅ ሲጠቀልሉ ቆዩ።

ያን ጊዜ ነው ሽቶሽ ትዝ ያለኝ። ትምህርት ስትጨርሺ ከምሠራበት ሱቅ የገዛሁልሽን፣ ስትሄጂ መሳቢያ ውስጥ ትተሽው የሄድሽውን። ግማሹ አለ። ሁለቱንም እጄን ተቀባሁና ሳልናገር አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፍንጫዋ ቀና አለ። ፊቷ በራ፤ እውነቴን ነው፣ አንድ አፍታ መብራት የበራበት ክፍል መሰለ። እጄን ሳብ አደረገችና አሸተተች። ደገመች። ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

«ሽቶው የሷ ነው፤ እጁ ያንቺ ነው» አለችና እጄን ጭኔ ላይ መልሳ አስቀመጠችልኝ። «የሟች ሽቶ ትቀቢያለሽ እንዴ?»

በማግስቱ ሥራ ገብቼ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አፍንጮን ታስታውሻቸዋለሽ፤ አፍንጫቸው ቀድሟቸው ሱቅ የሚገባው። ፊት ለፊታቸው ያው ጋሼ ናቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ጠርሙስሽን ተቀብለው ብርሃን ላይ አዩት፣ ትንሽ ወረቀት ላይ ረጩት፣ «ጨለማ ውስጥ መቆየቱ አትርፎታል» አሉ። ከዚያ እጄ ላይ ረጩልኝና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በየአምስት ደቂቃው እጄን እያነሱ ያሸታሉ።

«ያንቺ ቆዳ ደረቅ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ሎሚው ወዲያው ይበርብሻል። ጃስሚኑም አይሰነብትም። የሰንደል እንጨቱ ብቻውን ይቀርና ይኮመጥጣል። ይኸው፣ አሽቺው፤ የተቀረጸ እርሳስ አይሸትም?»

ይሸታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሽቶ ስሸጥ የራሴን እጅ ልብ ብዬ አላየሁትም።

«የእህትሽስ ቆዳ?»

ነገርኳቸው። መዳፍሽ ሁሌ እርጥብ እንደነበረ፣ ደብተርሽ ላይ ቀለሙ እየተጨማለቀ አስተማሪ ይቆጣሽ እንደነበረ። «ግንባሬ ላይ እንቁላል ይጠበሳል» እያልሽ ትስቂ እንደነበረም።

«ወዛም ናት በይኛ!» አሉ። «ወዝ ሽቶን ይዞ ያቆየዋል። አበባው ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ቫኒላው ከሥር ይሞቃል፣ ላቧ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። የምትበላው፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ የደሟ ሙቀት፣ ሁሉም ይገባበታል። ግማሹን እኛ ነን የምንሠራው ልጄ፤ ግማሹን ሰውየው ነው። እኔ ጠርሙስ እሸጣለሁ። ገላ ግን ከየት አመጣለሁ?»

«አይቻልም ማለት ነው?»

ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። «ለአንድ ሰዓት ይቻል ይሆናል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ብታይን በሳቅ ትሞቻለሽ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተከለከልኩ። ጠዋት ጠዋት ክንዴን በሙቅ ውሃ እነክርና ሽታ የሌለው ዘይት እታሻለሁ። ጋሼ በላዩ ላይ አንዴ አንድ ጠብታ ቫኒላ፣ አንዴ ግማሽ ጠብታ ምስክ የሚሉትን ገላ ገላ የሚሸት ቅመም እየጨመሩ ይሞክራሉ። ግራ ክንዴ ላይ አንዱ፣ ቀኝ ክንዴ ላይ ሌላው፣ ክርኔ ላይ ሦስተኛው። ደንበኛ ሲመጣ እጄን ወደ ኋላ ደብቄ ነው የማስተናግደው።

ግን አንድ ነገር ቸገረን። «ከምኑ ጋር ነው የምናስተያየው?» አሉኝ ጋሼ። «የልጅቷ ጠረን ምን ዓይነት ነበር?»

  ሚጡ፣ አብረን አንድ አልጋ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተኝተናል። ሳቅሽን አስታውሳለሁ፣ ስታኮርፊ ከንፈርሽ እንዴት እንደሚሆን አስታውሳለሁ። ጠረንሽ ግን ጠፍቶብኛል። የሱቁ መሀል ቆሜ ፈለግኩት፣ የለም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ እማዬን አጽናና ነበር እንጂ ለራሴ አልፈራሁም ነበር።

ማታ ቁምሳጥኑን በረበርኩት። ያ ግራጫ ካፖርትሽ ከታች ተጨማዶ ቆይቷል። የኮሌታው ውስጠኛ ጨርቅ ላይ አፍንጫዬን ቀበርኩ። መጀመሪያ አቧራ ነው። ከዚያ ከአቧራው ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ አንቺ። በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። እኔና ጋሼ ጭንቅላታችንን ገጥመን አንድ ኮሌታ ስናሸት አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍታ ገባች፤ አየችን፤ ይቅርታ ብላ ወጣች። እስካሁን አልተመለሰችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው የተሳካው። ቀኝ ክንዴ ላይ ተቀብቼ ጠርሙስ እየወለወልኩ ረስቼዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ፀጉሬን ከፊቴ ላይ ለማንሳት እጄን ቀና ሳደርግ መጣሽ። አላጋንንልሽም፤ ወደ በሩ ዞሬ አይቻለሁ። ጋሼ አዩኝ፤ መሐረባቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውልኝ ወደ ጓዳ ገብተው ካርቶን ሲያነሱና ሲጥሉ ቆዩ።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ጆሮ ላይ «ሚጡ ዛሬ ትመጣለች!» ብዬ ጮህኩ።  ቀሚስ እንድቀይርላት ጠየቀች። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላች ሴት ቀሚስ ስትመርጥ ማየት ከባድ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ሲስተር ቤት ተዘጋጀሁ። መዳፌን ሳይቀር በዘይት አሸሁት፤ የሳንቲሙ ሽታ ቢመጣብኝ ብዬ። ካፖርትሽን ለበስኩ። ፀጉሬን እንደ አንቺ አሳጥሮ መቁረጥ ነው የቀረው፤ በሻሽ ጠቀለልኩት። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ገባሁ።

ከአልጋው ጎን ተንበረከክሁ። እጄን ይዛ አንጓዬን አሸተተች። ቆም አለች። ወደ ክርኔ ወጣች። ከዚያ አንገቴን ሳበችና አፍንጫዋን ከጆሮዬ ሥር አስገባች።  አንገቴ ሲረጥብ ነው ማልቀሷን ያወቅኩት።

«መጣሽ?» አለችኝ።

እጇን ጨበጥ አደረግኩ፤ አዎ እንደማለት።

«ከሳሽ። እጅሽም ሻክሯል። ያሠሩሻል አይደል?» ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «የዚያን ቀን 'ከሄድሽ አትመለሺ' ያልኩሽ አፌ ነው። አፍ ይቀድማል። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ሳኝካት ኖርኩ፤ አልዋጥ አለችኝ።»

ደግሜ ጨበጥኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ይቅርታው የኔ አይደለም፤ ግን ባንቺ ፈንታ ሰጠሁ። አብዝቼ ከሆነ አንቺ ቀንሺለት።

ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «ትልቋ የለችም አይደል?»

እጇን ያዝኩ።

«እንግዲያው ስሚኝ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ የኔ ነገር አያሳስብሽ። እኔን የምታሳስበኝ እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽታ ተሸክማ ትመጣለች፤ የሙሽራ፣ የነጋዴ፣ የአስተማሪ። ከዚያ ሁሉ ሥር ግን ትከሻዋን የደገፈ፣ አንገቷን ያቀፈ ሰው ጠረን አግኝቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። እናት ይህን በየማታው ታሸታለች? እኔን ስታስታምም ነው እንዲህ የቀረችው። 'በቃሽ፣ ሂጂ፣ ኑሪ' ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።» እጄን አገላበጠችው። «ተመቸኝ። እውነቱ እሱ ነው፤ ተመቸኝ።»

ሚጡ፣ እንዲህ ብላ በሕይወቷ አነጋግራኝ አታውቅም። አሁንም ያነጋገረችው አንቺን ነው።

«እኔ ስሄድ ሰው የላትም። ቃል ግቢልኝ፣ ብቻዋን አትተያት። ደውዪላት። ባትወጂያትም ደውዪላት።»

እጇን ሁለት ጊዜ ጨበጥኩ። ቃል ገባሁ። ባንቺ ስም፣ ለራሴ።

ከዚያ ሾርባ አበላኋት። ሳህኑን ጨረሰች፣ «አለ?» አለችኝ፣ ጨመርኩላት። ሁለተኛውን ሳህን አጋምሳ ማንኪያውን ይዤ ወደ አፏ ሳስጠጋ ነው የእርሳሱ ሽታ ከአንጓዬ ብቅ ያለው። ጋሼ ያሉት አንድ ሰዓት አልቋል። እማዬም ማኘኳን አቁማ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኩ። «ቆይ እንጂ! ምነው ቸኮልሽ?» ብላ እጅጌዬን ያዘች። ጣቶቿን ከካፖርቱ ላይ አንድ በአንድ ፈታሁና ወጣሁ።

ካፖርቱን ሲስተር ቤት ወርውሬ ግቢው ቧንቧ ላይ ክንዴ እስኪቀላ በሳሙና ታጠብኩ። ሻሹን አወለቅኩ። ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ከሥራ የምገባበት ሰዓት እስኪደርስ። ስገባ እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ጉንጯ ቀልቷል።

«ትልቋ! አንቺ ነሽ? ምነው አሁን መጣሽ! መጥታ ነበር እኮ! አሁን፣ አሁን ነው የወጣችው። ደረጃው ላይ አልተገናኛችሁም?»

«አልተገናኘንም!» አልኳት በጆሮዋ።

ውሸት አልነበረም። አልተገናኘንም። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ደረጃውን አየሁት። ትንሽ ፈጠን ብዬ ብመጣ ኖሮ የምደርስብሽ ይመስል ነበር። እማዬ ማልቀሴ በምን እንደታወቃት እንጃ፤ እጇን ዘርግታ ፈልጋ አገኘችኝ፣ «አይዞሽ፣ ተመልሳ ትመጣለች» አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ትበላለች። ጨው አበዛሽ፣ ጨው አሳነስሽ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ሲስተርም ግፊቷ ከኔ ይሻላል ይላሉ። ሁለት ጊዜ መቼ እንደምትመለሺ ጠይቃኛለች። ጋሼ «ሽቶው አለ፣ ስንፈልግ እንደግመዋለን» ብለውኛል። እኔ ግን አልደግመውም። ያን ቀን የገባሁት ቃል አለብኝ፤ አንቺ ካልፈጸምሽው እኔ እንዴት አድርጌ ነው ለራሴ የምፈጽመው? ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ቀን በክንዴ ላይ ካንቺ ጋር ከዋልኩ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ።

ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ችግር ገጥሞሽ አፍረሽ ከሆነ፣ እኔ ፊት ማፈር መቼ ጀመርሽ? አግብተሽ ወልደሽ፣ ጊዜ አጥተሽ ከሆነ ደግሞ እልል ነው። ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። እሱን አልጽፈውም።

መጻፉ ከከበደሽ አትጻፊ። ባዶ ወረቀት መዳፍሽ ውስጥ ትንሽ ጊዜ ያዥና ፖስታ ውስጥ ክተሽ ላኪልን። ስምም አያስፈልገው። እማዬ ማን እንደያዘው ታውቃለች። አሁን እኔም አውቃለሁ።

የምትሰፊበት መርፌ ጣትሽን አይንካብኝ። ማታ ስትገቢ በር የሚከፍትልሽ ሰው አይጥፋ። ካለሽበት ፈጣሪ በጤና ያቆይሽ፤ ያለሽበትንም ለኔ ይግለጥልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ፣
ትልቋ